ጎሹን ማን ባረከው

ወሬው ሲደርሰኝ ሞረድ በእጄ ነበር። የምንሽር ጠመንጃ ጥይት ጉልበቴ ላይ አጋድሜ አፍንጫው ላይ መስቀል እቀርጻለሁ፣ አንዱን መስመር ጨርሼ ሁለተኛውን ልጀምር ስል የባሌ ወንድም ካሴ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ መጣና ሳይቀመጥ፣ «እታለም፣ ታደገ በአማኑኤል መንገድ ላይ ወደቀ፣ ሬሳውንም ማንሣት አልቻልንም» አለኝ። ታደገ ባሌ ነው። ያችን ጥይት ከዘመቻ ሲመለስ ልሰጠው ያስቀረኋት ነበረች፣ እንዲያው በአንድ መስመር እንደ ቀረች መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኋት፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም። ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ጾም በዝቶብህ ይሆናል» ብዬ የማልፍ ነኝ፣ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ሕልሜን እንኳ ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አልናገርም። አሁንም ከአገሬ ርቄ እዚህ አርሲ የወንድሜ ልጅ ዘንድ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የማስቀምጠው።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። እኛ የአምበር አካባቢ ሰዎች ከብታችን ተነድቶ፣ ቤታችን ተቃጥሎ፣ ዓባይ በረሃ ወርደን ዋሻ ውስጥ እንኖር ነበር። ጥይቱ ላይ መስቀል የምቀርጸው ለበረከት ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር አላሰብሁበትም፣ ታደገ ሲዘምት የዝናሩን ጥይት ሁሉ አንድ በአንድ ቀርጬ ሰጠሁት፣ ከእርሱ በቀር ለማንም አልቀረጽሁም። አያ ንጉሤ፣ የባሌ አጎት፣ በጉልምስናቸው በዚያው በረሃ ጎሽ ሲያድኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራዬን አይተው ሳቁ። «እንዲህ የተቀረጸ እርሳስ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ይከፈታል፣ አንቺ ለበረከት ትያለሽ፣ ጎሹ ግን መስቀል መሆኑን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይወድቃል» አሉኝ።

የባሌ ዐርባ ሲቃረብ ጭንቀቴ ተዝካሩ ሆነ። ሬሳው ያለ ፍትሐት ቀርቷል፣ እንግዲህ ካህኑንና ችግረኛውን በስሙ ላብላለት ብል የሚታረድ በግ እንኳ የለም። አያ ንጉሤ «ጎሽ እናመጣለን» አሉ፣ ክርክሩም ከዚያ ተነሣ። ካሴ ከጣሊያን የማረከው ጠመንጃ ነበረውና፣

«እኔ በዚህ እጥለዋለሁ፣ ጥይቱ ቀጭን ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። የእርስዎ ምንሽርማ እንደ ጥርስዎ አልቋል፣ አያ» አላቸው።

«ቀጭንነቱ እኮ ነው ጣጣው። ለሰው ይበቃል። ጎሽ ግን በዚያ ስትመታው በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ እርሱም ቁጥቋጦ ውስጥ ሮጦ ገብቶ ይሞትብሃል። ለወንድምህ ተዝካር በክት ልታበላ ነው?»

«ምንሽሩስ ምን ያደርገዋል?»

«ያንበረክከዋል። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ይደርስለታል። እኔ ጥይትን በገደለው አልለካውም፣ ባስቆመው ነው።»

መቼም እንደምታውቁት፣ በሕይወቱ ሳለ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ እንስሳ ለእኛ በክት ነው፣ ርኃብ ቢገድለንም አንበላውም። ካሴ «እንግዲያው ቢላዋ እስኪሳል ድረስ ተንበርክኮ እንዲጠብቅዎት ይንገሩት» ሲል ዋሻው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ካዘንሁ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። የምንሽር ጥይት ግን ያችው መቀነቴ ውስጥ ያለችው ባለ አንድ መስመሯ ብቻ ነበረች፣ ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ማለዳ ወጣን፣ አያ ንጉሤ ከፊት፣ ካሴ ከኋላቸው፣ እኔና የዋሻችን ቄስ አባ ጥሩነህ ሥጋ ልንሸከም ተከተልን። ጎሹን ከወንዙ ዳር ብቻውን ቆሞ አገኘነው፣ ጀርባው ላይ ወፎች ይለቅማሉ። አያ ንጉሤ ተንበርክከው አነጣጠሩ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ጣታቸውን አያለሁ፣ እመኑኝ፣ ጣታቸው አልተነቃነቀም፣ ተኩሱ ግን ተሰማ። የመጣው ከማዶ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ነው። ወፎቹ ተነሡ፣ ጎሹ በፊት እግሮቹ ተንበረከከና ረጅሙ ሣር ዋጠው። ቀጥሎ የመቀርቀሪያ ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ሌላው ጠመንጃ ተጠምዝዞ የሚሳበውን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ የሚመለሰውን፣ የምንሽርን፣ ከዚያም ቀለሁ፣ ባዶው የጥይት ቤት፣ ድንጋይ ላይ ቅጭል አለ።

ካሴ «ማነህ?» ብሎ ተጣራ። ጠላት እንዳይሆን ፈርተን በዙሪያው ዞረን ቀስ ብለን ደረስን። ጎሹ አንገቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ እንደ ሥርዓቱ ታርዶ ተኝቷል፣ ደሙ ገና ይተናል። አጠገቡ ሰው የለም። ከድንጋዩ ጀርባ ባሩድ ይሸታል፣ ዱካ ግን የለም፣ ቀለህም የለም። ታደገ ቀለሁን ሜዳ ላይ ትቶ አይሄድም ነበር።

አያ ንጉሤ ምንሽራቸውን ከፍተው አሳዩን፣ ባለ አንድ መስመሯ ጥይት እንዳለች ናት። ካሴ በቢላዋ የጎሹን ትከሻ በርብሮ እርሳሱን አወጣ፣ ለአራት ተከፍቷል።

«አንድ መስመር የሚከፍለው ለሁለት ነው» አሉ አያ ንጉሤ ቀስ ብለው። ማንም ወደ እኔ አላየም።

እኔ ግን «ታደገ» ብዬ ጠራሁ፣ ደግሜም ጠራሁ። ጠርቼ ሳበቃ ያ መቀርቀሪያ ራቅ ብሎ፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ሁላችንም ሰምተነዋል።

አባ ጥሩነህ ቢላዋቸውን እንደያዙ «ማን ባረከው?» አሉ፣ ማን አረደው ማለታቸው ነው። «የክርስቲያን እጅ ከሆነ ይበላል፣ ካልሆነ አንነካውም።»

«ባንዳ ይሆናላ፣ ዝናሩን ከሬሳው ላይ የፈታ» አለ ካሴ።

«ባንዳ እኛን ትቶ ጎሽ ይተኩሳል? ደግሞ ባርኮ ትቶልን ይሄዳል?» አሉ አያ ንጉሤ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ታደገ ነው ካልሽ ሥጋውን እንበላለን፣ ተዝካሩ ግን ይቀራል፣ ለሕያው ሰው ተዝካር አይወጣም። አይደለም ካልሽ ይህን ለጅብ ትተን ተዝካሩን በእፍኝ ቆሎም ቢሆን እናወጣለን።»

ዋሻ ውስጥ የቀሩትን ሰዎች አሰብሁ፣ ያንን ለአራት የተከፈተ እርሳስ አየሁ፣ «ታደገ ነው» አልሁ። በላን። ተዝካሩም ቀረ።

ጣሊያን ወጣ፣ ከየበረሃው ሰው ወደ ቤቱ ገባ፣ ታደገ አልገባም። በሕይወት ካለ ያን ዕለት ስሙን ስጠራው ለምን አልመጣም? ሞቶ ከነበረስ በቢላዋው ማን ባረከ? ሰው አግቢ ሲለኝ ባሌ በሕይወት ሳለ የሌላ ሰው ሚስት እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ተዝካሩን አውጪ ሲለኝም ሕያው ሰው እቀብራለሁ ብዬ ፈራሁ። ባለ አንድ መስመሯን ጥይት አያ ንጉሤ መለሱልኝ፣ ዛሬም ከእኔ ጋር ናት፣ ሁለተኛውን መስመር አልቀረጽሁባትም።

እንግዲህ ያን ማለዳ በዚያ ወንዝ ዳር የነበራችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛውም ወገን ሁኑ፣ የተኮሰውን ንገሩኝ። ባንዳም ብትሆኑ ቂም የለኝም፣ የተራበ ሰው አብልታችኋልና እግዚአብሔር ይስጣችሁ እላለሁ። እዚህ ያሉት ቄስ ከቅዳሴ በፊት የባሌን ስም ስሰጣቸው ሁልጊዜ «በሕይወት ካሉት ጋር ልጥራው ካረፉት?» ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔም ሁልጊዜ «ይቆዩ፣ አባቴ» እላቸዋለሁ። መልስ እንድሰጣቸው ነው የምለምናችሁ።