ቆማ የተገኘችው ቀስተኛ

ፍሬም ሠሪውን በመስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተዘርሮ ያገኘችው እህቱ ናት። የጠረጴዛው ጠርዝ ደም ነክቶታል። በሩ አልተሰበረም፣ የጠፋ ዕቃም የለም፤ ገዳዩን ከፍቶ ያስገባው ሟቹ ራሱ ነው ማለት ነው። ፖሊሶቹ ብዙም አልደከሙም። ታናሽ ወንድሙ የዚያኑ ዋዜማ «ይሄን የልጅ ጨዋታህን ተው፤ አለዚያ ሱቁን እዘጋዋለሁ!» እያለ ሲጮህበት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷልና ታናሹን ያዙት። እህት ሆዬ አንዱን ሳትቀብር ሌላውን ልታጣ ነው። እንዲህ ያለው መከራ ለጠላትም አይስጥ።

መርማሪው ባልደረቦቹ «ጋሽ ቀስ በቀስ» የሚሉት ሰው ነበር። ንግግሩም እርምጃውም ይዘገያል፤ ዓይኑ ግን አይዘገይም። ባዶ ፍሬሞች በተሰቀሉበት የኋላ ክፍል ገብቶ ክቡን ጠረጴዛ ሲያይ ቆየ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል። ካርታው ላይ ጣት የሚያክሉ ሁለት የብረት ምስሎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንድ አስማተኛና አንዲት ቀስተኛ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ የኔ እህት?»

እንደገባት አስረዳችው። ወንድሟ ተራኪ ነው፤ የሌለ አገር ይፈጥራል፣ ጓደኞቹ ደግሞ በዚያ አገር አንዱ አስማተኛ፣ አንዷ ወታደር ሆነው ይጫወታሉ። ለዓመታት የኖሩበት አገር አስማት የሞላበት ነበር፤ የሞተ እንኳ በድግምት ይነሣል። በኋላ ግን አገር መፍጠር ታከተውና ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዓለም ሲያማርጥ ከረመ። ትናንት ከሰዓት እሷው ከፖስታ ቤት ያመጣችለትን ሳጥን ሲከፍት ፊቱ በራ። አስማት እምብዛም የሌለበት ዓለም ነው። ቁስል በጊዜ እንጂ በድግምት አይድንም፤ የሞተም ሞተ። «የምንገባው እዚህ ነው» አለና የድሮውን ካርታ ጠቀለለ፤ የድሮዎቹን ምስሎችም አንድ በአንድ በየሳጥናቸው አጋደማቸው። በቡድኑ ደንብ የሞተ ሰው ምስል ይጋደማል፤ የተጋደመውን ከተራኪው በቀር ማንም አያነሣም።

«ሲያጋድማቸው አይተሻል?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

«አዲሱ ሳጥንስ የታለ?»

ፈለጉት። ግድግዳ ከተደገፉት ፍሬሞች ጀርባ ተወሽቆ ተገኘ። እህትየው ወደ በሩ አፈገፈገች፤ ወንድሟን ገድሎ ሳይቸኩል ዕቃ ሲያስተካክል የቆየ ሰው አለ ማለት ነው።

ከጨዋታ ጓደኞቹ ሁለቱ፣ አንዲት የሒሳብ አስተማሪና አንድ ሽማግሌ ፋርማሲስት፣ ተጠየቁ። የሒሳብ አስተማሪዋ አስማት የማይበዛበትን ዓለም የጎተጎተችው እሷ እንደሆነች አልደበቀችም፤ ሞት ቀልድ ሲሆን ጨዋታው ጣዕም ያጣል ባይ ናት። ቀስተኛዋ የማን እንደሆነች ስትጠየቅ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የፋርማሲስቱ ሚስት ምስል ነበረች፤ አጠገቧ የቆመው አስማተኛ የባልየው ነው። ሴትየዋ በሕመም ከሞተች ወዲህ ተራኪው ለባልየው አዝኖ ቀስተኛዋን በሷ አነጋገር ያናግርለት ነበር። ሽማግሌው ፋርማሲስት በበኩሉ ትናንት ወደ ሱቁ ዝር እንዳላለ፣ ለሱ ሁሉም ዓለም አንድ እንደሆነ ተናገረ። ይህን ሁሉ ሲል ካርታውን አንዴም አላየውም።

ጋሽ ቀስ በቀስ ሁሉንም በክቡ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ታናሹ ወንድም ከነካቴናው መጣ፤ እህቱ ትከሻውን ይዛ ቆመች።

«ገዳዩ አዲሱን ዓለም ደብቆ የድሮውን ዘረጋ» አለ መርማሪው። «ምርጫው እንዳልተለወጠ እንድናምን ነው። ይሄ ልጅ ግን አንዱን ካርታ ከሌላው አይለይም፤ ለሱ ሁሉም መጫወቻ ነው። አስተማሪዋስ ለምና ያገኘችውን ለመደበቅ ምን አቅብጧት? ካርታው ብቻ ቢሆን እኔም በተሞኘሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ምስል የተነሡት ሁለት ብቻ ናቸው።»

ጣቱን ዘረጋና ቀስተኛዋን አጋደማት።

የፋርማሲስቱ እጅ፣ እሱን ሳያስፈቅድ፣ ተዘርግቶ ምስሏን አቆማት።

«ትናንትም እንዲሁ ነው ያደረጉት» አለ መርማሪው በቀስታ።

ሽማግሌው እጁን አየ። «ድምፅዋን የምሰማው እዚህ ብቻ ነበር» አለ። «ለመንኩት። ‹የሞተ ሞቷል፣ ይተዋት ጋሼ› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ታናሹ በእህቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እህትየው ዞረ።

«እባክሽ ልጄ፣ ቆማ ትቆይልኝ።»

እሷ ግን ቀስተኛዋን አነሣቻት፣ ሳጥኑ ውስጥም አጋደመቻት።

«ወንድሜም ተጋድሟል፣ ጋሼ» አለችውና ክዳኑን ዘጋች።