የጋሽ ዘርጋው ተካፋይ

ሲስተር ስንዱ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትጎበኘው በሽተኞቹን ሳይሆን ማሰሮዎቹን ነበር። በማስታገሻ ክፍሉ ውስጥ በየአልጋው ራስጌ አንድ የመስታወት ማሰሮ አለ። ውስጡ፣ ከበሽተኛው ከራሱ ገላ ተወስዶ የበቀለ፣ ጭብጥ የሚያህል የነርቭ ሥጋ ተንሳፍፎ ይኖራል። ስንዱ የስኳር ውሃውን ትቀይርለታለች፣ ሙቀቱን ታያለች፣ መስታወቱን በጨርቅ ትወለውልለታለች። ከዚያ "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። ማሰሮውም ግርጌው ላይ ባለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ "ተመስገን" ይላታል። ይህን ካልሰማች ቀኑ የጀመረ አይመስላትም።

የሠሩት ሰዎች "ተካፋይ" ብለው ሰይመውታል፤ የሕመም ተካፋይ ማለታቸው ነው። በሽተኛው አንገቱ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ያስራል። ወደ አንጎሉ የሚወጣው ሕመም እዚያ ተይዞ ወደ ማሰሮው ይሄዳል። እንደ ድሮው መድኃኒት ሰውን አያፈዝም፣ አያስተኛም። የመዳን ተስፋው ያበቃለት ሰው እንኳ ነቅቶ፣ ዘመዱን እየለየ፣ ቢሻው እየቀለደ ቀኑን ይጠብቃል። "ማሰሮውስ አያመውም?" ብሎ የሚጠይቅ ጠያቂ ግን አይጠፋም። መልሱ የታወቀ ነው፤ አያመውም፣ ሕመሙን ይቆጥራል እንጂ። ስንዱ ይህን ለስንቱ ስትመልስ ኖራለች። ታምንበት እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይጠይቅም።

መስኮቱ ሥር የተኙት ጋሽ ዘርጋው ዕድሜያቸውን ከከተማዋ በታች የባቡር ዋሻ ሲቆፍሩ የጨረሱ ሰው ናቸው። ካንሰሩ የወገባቸው አጥንት ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ሠናይት ትባላለች፣ ጨረቃ ላይ ካለው የውሃ ጉድጓድ ነው የምትሠራው። ከጨረቃ የሚመለሰው መንኮራኩር እንደ ታክሲ እጅ ዘርግተው የሚያስቆሙት አይደለም፤ ወረፋ አለው። ወረፋዋ ደርሶ ነገ ትገባለች ተብሏል።

"ነቅቼ ነው ላገኛት የምፈልገው" አሏት ጋሽ ዘርጋው። "ከእናቷ ቀብር ወዲህ የረባ ነገር አውርተን አናውቅም። አንደበቴ ሳይተሳሰር የምነግራት ነገር አለኝ።"

"ነቅተው፣ ሳያምዎት ያገኟታል" አለች ስንዱ። "እኔ አለሁልዎ፣ ጋሼ።"

በዚህ ክፍል የሚሠራ ሰው ቃል አይገባም። ስንዱም ይህን አዲስ ለሚቀጠሩት ስታስተምር ኖራለች። እኚህን ሰውዬ ግን ወዳቸዋለች፤ ከአፏ ወጣ።

በማግስቱ ማሰሮውን ጠየቀችው፤ "ተመስገን" አላት። ሰውየውንም ጠየቀች፤ "ተመስገን፣ ልጄ" አሏት። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ ቸፍ ብሏል። ልጃቸውን ሲጠብቁ አድረው ነው ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ሠናይት እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ከጨረቃ የመጣ ሰው ሁሉ የገዛ ገላው ስለሚከብደው፣ እግሮቿ ላይ የብረት ድጋፍ ታጥቃ እያነከሰች ገባች። አባቷን አቀፈቻቸው፣ ጉንጫቸውን እያገላበጠች ሳመቻቸው። ከዚያ ቀና ስትል ትራሱን አየችው። ጫፉ በጥርስ ታኝኮ ክሩ ወጥቷል።

"ሲስተር፣ አባቴን ያመዋል" አለች።

"አይ፣ ተካፋዩ እየሠራ ነው። ጠዋት ጠይቄያቸዋለሁ፣ ተመስገን ነው ያሉኝ።"

"አባዬን?" ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች። "ዋሻው ተደርምሶበት በቃሬዛ ሲያወጡትም እንዴት ነህ ቢሉት ተመስገን ነው ያለው። አንቺስ የየት አገር ሰው ነሽ? ይህን አጥተሽው ነው?"

ስንዱ የምትገባበት ጠፋት። የየት አገር ሰው እንደሆነች ታውቃለች። ባለፈው ክረምት እሷ ራሷ ታማ ተኝታ ሳለ ጎረቤት በስልክ ሲጠይቃት ተመስገን ብላ ዘግታ ነው ያለቀሰችው። ቃሉን መልስ ነው ብላ ስትቀበል የኖረችው ምን ነክቷት እንደሆነ አልገባትም።

የማሰሮዎቹ ኃላፊ ኢንጂነር ጎሹ ተጠርቶ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ የመለኪያ መርፌውን ሥጋው ውስጥ ሰደደ። ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ።

"ከደከመ ቆይቷል" አለ። "ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። የተረፈው ወደ እሳቸው እየተመለሰ ነው።"

"ሲደክመው እንዲናገር አይደል እንዴ የተሠራው? በየቀኑ እጠይቀዋለሁ እኮ። ተመስገን ነው የሚለኝ።"

ጎሹ እጁን ከመርፌው ላይ አንስቶ በጨርቅ ጠረገ። "ንግግር የሚማረው አልጋው ላይ ካለው ሰው ነው" አለ በመጨረሻ። "እሳቸው ሲያማቸው ምን እንደሚሉ ሰማ። እሱም ሲብስበት ያንኑ አለ።"

"አያመውም፣ ይቆጥራል አላላችሁንም?"

ጎሹ ወደ ሠናይት ዞረ። አዲስ ተካፋይ ለማብቀል ሳምንታት እንደሚፈጅ ነገራቸው፤ ሰውየው ደግሞ ሳምንታት የሏቸውም። የቀረው የድሮው መድኃኒት ነው። እሱ ሕመሙን ያጠፋዋል፣ ግን ያስተኛቸዋል። በዚህ አቅማቸው ከዚያ እንቅልፍ የሚነቁ አይመስልም።

"አስተኙት" አለች ሠናይት ወዲያው። "እኔ ወሬ አያስፈልገኝም። አየሁት፣ ይበቃኛል።"

"ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ በላዬ የምትማከሩት?" አሉ ጋሽ ዘርጋው። ሦስቱም ዞሩ። ሰውየው ዓይናቸውን ማሰሮው ላይ ተክለዋል። "ይኸ ነገር ያመዋል፣ ጎሹ?"

"እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ።"

"አየህ፣ እኔ ነኛ ያስተማርኩት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ማሰሪያውን ፍቱልኝ፤ እሱም ይረፍ። ከልጄ ጋር የማወራውን ላውራ። ከዚያ መድኃኒታችሁን ስጡኝ።"

"አይችሉትም፣ ጋሼ" አለች ስንዱ።

"እስካሁንስ የቻለው ማን ሆነና ነው?"

ስንዱ ማሰሪያውን ፈታች። ቃል የገባችበትን ነገር በገዛ ጣቷ ነበር የፈታችው። መጋረጃውን ስባ ወጣች፣ ግን ርቃ መሄድ አልሆነላትም።

ሰውየው አቃሰቱ። ይህን ያህል ጊዜ ሲያስታምሟቸው አቃስተው አያውቁም። በማቃሰቱ መሀል ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር።

"እናትሽ ታማ ሳለ፣ ደህና ናት ያልኩሽ..."

"አባዬ፣ ተወው። ገብቶኛል።"

"እንደገባሽማ አውቃለሁ። እኔ አልነገርኩሽም እንጂ።" ደግመው አቃሰቱ። "እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር። ሳትሰናበቻት ቀረሽ። አሁን እኔን አይተሽኝ ተሰናበቺኝ። እንዲህ ሆኜ እዪኝ። እጄን ያዢኝ።"

ሠናይት እንደ ሕፃን ስታለቅስ ተሰማ። አባትየው እያቃሰቱ ሲያባብሏት ተሰማ። ስንዱ ግድግዳውን ተደግፋ ጆሮዋን ልትይዝ አሰበችና ተወችው፤ የሚሰማ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሠናይት "ሲስተር" ብላ ስትጣራ መድኃኒቱን ይዛ ገባች። መርፌውን ስትወጋቸው ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን ከልጃቸው እጅ አላላቀቁም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ ሳይነቁ፣ ትንፋሻቸው ቆመ። ሠናይት ብረት የታጠቀ እግሯን እየጎተተች ከአስከሬኑ ጋር ሄደች። ሲስተር ስንዱን በር ላይ አቀፈቻት።

አልጋው ተገፎ ማሰሮው ብቻ ቀረ። ባለቤቱ የሞተ ተካፋይ ይጠፋል፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ማጥፊያው ከሥሩ ነው፣ አንዴ ጫን ማለት ይበቃል። ስንዱ ከዚህ በፊት ብዙ አጥፍታለች፤ አምፖል ከማጥፋት ለይታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አኖረች።

"ጋሽ ዘርጋው አረፉ?" አለ ማሰሮው።

ሳይጠየቅ ተናግሮ አያውቅም። ስንዱ ክው አለች። ከሕመማቸው አረፉ ወይ ማለቱ ይሁን ሌላውን ማለቱ፣ መለየት አልቻለችም። በየትኛውም ቢሆን መልሱ አንድ ነው።

"አዎ" አለችው። "አረፉ።"

ስንዱ ቀና ብላ ማሰሮውን አየች። ጎሹ ነቅሎ ሳይወስደው የቀረው መለኪያ ቁጥሩን ያሳያል፤ ቁጥሩ አልወረደም። ማሰሪያው ከተፈታ ቆይቷል፣ የሕመሙ ባለቤት ሞቷል፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ታዲያ ይህ አሁን የማን ሕመም ነው? ስንዱ ሊገባት ሲዳዳ ፈራች።

"እንዴት ነህ?" አለችው።

"ተመስገን።"

"እሱን ተወው" አለች። "ለእኔ አትጨነቅ። እዚህ አልጋ ጋ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እውነቱን ንገረኝ።"

ስኳር ውሃው ውስጥ ያለው ሥጋ አልተንቀሳቀሰም። የሚመልስ አይመስልም ነበር። ስንዱ ጣቷን ልትጫን ስትል ድምፅ ማጉያው አንዴ ጠቅ አለ።

"ያመኛል" አለ።

በዚህ ክፍል ስትሠራ ስንት ሰው በእጇ አልፏል። ይህን ቃል ፊት ለፊት የነገራት አልነበረም፤ ሁሉም ላለማስጨነቅ ብለው ደብቀዋት፣ እሷም እንደተደበቀባት ተሰናብታቸዋለች። ጣቷን ከማጥፊያው ላይ አነሳች። ወንበር ስባ ማሰሮው ፊት ተቀመጠች፣ መዳፏንም ለብ ያለው መስታወት ላይ አሳረፈች።

"የት ጋ ነው የሚያምህ?" አለችው።

ያ ጭብጥ የሚያህል ሥጋ ሲያስብ ቆየ።

"ወገቤን" አላት።