የድንጋይ ኮርማው ጆሮ

ይህን ሰው አልነገረኝም። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው...

ሌሊት ደግሞ እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሏል። ከሃሳን ከተማ ወጣ ብሎ፣ በኮኮናት ዛፎች መሃል ባለው የአምላካችን የሺቫ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ።

ባለቤቴ ሎኬሽ ሆስፒታል ከገባ ሰንብቷል። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ እኛን መለየት አቁሟል። ሐኪሞቹ «እንግዲህ ጸልዩ» ሲሉን፣ ወንድሙን ሲዳራጁን አጠገቡ ትተን እኔና አማቴ ጊሪጃማ ስለት ልንሳል መጣን።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ግቢውን ስንሻገር ድንጋዩ እግር ይጠብሳል። እኔ እዘላለሁ።

«እግርሽ ቅቤ ነው እንዴ? ቀጥ ብለሽ ሂጂ!» አሉኝ አማቴ።

ካህኑ ግንባራችንን የበረከት አመድ ቀቡንና የሺቫ ምስል ያለበትን የውስጠኛውን ክፍል በር ቆለፉ።

«ምሳዬን ቀምሼ እመለሳለሁ። ለኮርማው ነግራችሁ ቶሎ ውጡ» ብለውን ሄዱ።

ኮርማው ከሺቫ ፊት ለፊት የተኛ፣ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ የተጠረበ ነው። ሰው የልቡን በአንደኛው ጆሮው ያንሾካሹክለታል፤ እሱም ለጌታው ያደርሳል። ሌላኛው ጆሮ ግን በእጅ መሸፈን አለበት... ልመናው በዚያ በኩል እንዳይወጣ።

ይሄኛው ኮርማ ግዙፍ ነው። የአማቴ እጅ አልደርስ አለ።

«ነይ፣ በዚያ በኩል ሸፍኚልኝ።»

ዞሬ መዳፌን ጆሮው ላይ ለጠፍኩ። ውጭ እንዲያ እየነደደ፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው።

አማቴ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

ያኔ ነው ጣሪያው ላይ ሲያጉረመርሙ የነበሩት እርግቦች ጸጥ ያሉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ...

ከኮርማው ፊት የሚበራውን የዘይት መብራት አየሁት። ነፋስ የለም። ነበልባሉ ግን ወደ ኮርማው አፍንጫ ተጎተተ። ቆየና ተመለሰ። ደግሞ ተጎተተ።

እንደ ትንፋሽ።

ከዚያ መዳፌ ሞቀ።

ከድንጋዩ ጆሮ አየር እየወጣ ነው... እርጥብና ሙቅ።

እጄን በድንጋጤ ሳብኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

የአማቴ ድምፅ ነው። ልክ አፋቸው ጆሮዬ ላይ ያለ ያህል ጥርት ብሎ።

«ልጄን ተውልኝ... በእሱ ፈንታ ምራቴን ውሰዳት።»

ጆሮዬን ከድንጋዩ አላነሳሁም።

ከዚያም ከዚያው ጆሮ ሌላ ድምፅ መጣ።

«እሺ።»

የኔ ድምፅ ነበር።

እኔ አፌን አልከፈትኩም!

አማቴ ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ምንም።»

«እሺ ስትይ ሰማሁሽ!»

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ...»

ስልካቸው ጮኸ። ሲዳራጁ ነው፤ እየሳቀ ያለቅሳል።

«ተነሳ! ቁጭ አለ! ሩዝና እርጎ አምጡልኝ እያለ ነው!»

አማቴ እልል አላሉም። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጠው አዩኝ።

«ሰምተሻል አይደል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰምቻለሁ። ፀጉርዎን ቅባት የምቀባው በእነዚህ እጆቼ አይደለም? እንዴት ቻሉ?»

«እናት ነኝ... እናት እብድ ናት፣ ልጄ።» ወደ ኮርማው ዞሩ። «ቆይ! መልሼ እነግረዋለሁ። እሷን ተዋት፣ እኔን ውሰደኝ እለዋለሁ!»

«ይተዉት! እንውጣ!»

አልሰሙኝም። ሮጠው የኮርማው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ማንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ተከትያቸው ከጀርባቸው ቆምኩ። ትከሻቸውን ይዤ ልጎትታቸው ስል...

አየሁት።

ከኮርማው ራስ ወዲያ ጣቶች አሉ። ያን ሌላኛውን ጆሮ ጥብቅ አድርገው ሸፍነውታል።

«እማዬ...»

«ዝም በይ፣ እየነገርኩት ነው!»

«እማዬ... ያኛውን ጆሮ ማን ሸፈነው?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ከኋላዎ ነኝ።»

ማንሾካሾካቸው ቆመ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።

የሴት እጅ ነው። ከእጁ ወዲያ ሰው መኖር አለበት... ግን በኮርማውና በግድግዳው መሃል የሚታየው ባዶ ወለል ብቻ ነው። እጁ ላይ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባሮች ተደርድረዋል። አንዱ ወርቃማ ቀለሙ በአንድ በኩል ለቋል።

አውቀዋለሁ። ሎኬሽ ለሠርጋችን የገዛልኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አድርጌው ወጥቻለሁ።

እጆቼን አነሳሁ።

ባዶ ናቸው። ሁለቱም። ወለሉ ላይ አንዲት ስባሪ እንኳ የለችም።

በኛ ወግ አምባሯን ሰብራ እጇን የምታራቁተው... ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሲዳራጁ ነው።

አማቴ አላነሱትም። «እሷን ተዋት አልኩት...» አሉ ባዶ እጆቼ ላይ አፍጥጠው።

ጮኸ... ጮኸ...

ከኮርማው ወዲያ፣ አምባሮቹ ቀስ ብለው ተንቃጨሉ።