የዘለለችው መስመር

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ እየገባ በሽተኛ በሚታይበት በዚያ ክፍል፣ ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ ሐኪም ብቻውን የመከላከያ ልብሱን አያወልቅም። መርምሮ ሲጨርስ ነርሷ ከመስታወቱ ማዶ ቆማ ቅደም ተከተሉን ከወረቀት ላይ ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ እሱ የሰማውን ብቻ ያደርጋል። ቱቦ የገባበት ሰው ካሳለ በሽታው አየሩን ይሞላዋልና በዚህ ቀልድ የለም።

እነሱ ግን ይቀልዱ ነበር።

«ጓንትዎን ያውልቁ፣ ዶክተር። እጅዎን ይታጠቡ።»

«እጄ እኮ ተላጠ! ነገ አጥንቱን ነው የማጥበው።»

«አጥንቱንም በሳሙና ይጠቡት።»

በሦስተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። ፊቱን ሙሉ የምታየው ማስኩን ሲያወልቅ ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ዓይኑን ግን ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች። ወደደችው፣ አለቀ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት አዛውንት ቱቦው ጉሮሯቸው ውስጥ እንዳለ ሳል አጣደፋቸው። ሐኪሙ እንደ ምንም ጨርሶ በላብ ተጠምቆ ወጣ። ጋውኑን አውልቆ መስታወቱ ፊት ቆመና፦

«ይሄ ነገር ሲያልፍ ታገቢኛለሽ?» አላት።

ልቧ ዘለለ። ወረቀቱ ላይ የደረሰችበት ጠፋት። እጅ መታጠቡን ዘልላ «ማስክ» አለች። እሱም አወለቀና በዚያው እጁ የዓይኑን ላብ ጠረገ።

ያስተዋለችው ከሄደ በኋላ ነው። ሮጣ ልትነግረው ይገባ ነበር፤ ፈራች። ምንም አይሆንም ብላ ራሷን አታለለች፣ መልሷንም ሳትሰጠው ቀረች።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። በአሥረኛው መተንፈስ አቃተው፤ የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባው አሁን ለእሱ ሆነ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ «አራት ደቂቃ አለሽ» ብላ ፈቀደችላት።

«ለዚህ የዳረግኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «እጅ ታጠብ ማለት ነበረብኝ፣ ዘለልኩት። አውቄም ዝም አልኩህ።»

«ያንን ወረቀት... የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ። በቃሌ ነው የማውቀው። አንቺን ሳይ ረሳሁት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መልስሽን ግን አልነገርሽኝም።»

«አገባሃለሁ።»

«ማክሰኞ ብትይኝ ምን ነበረበት» አለና ሊስቅ ሲል ሳል አቋረጠው። ባለሙያዋ መርፌዋን ይዛ ቀረበች።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሞተ።

ለቤተሰብ መርዶ የሚናገር ሌላ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ለምና ስልኩን ወሰደች። እናቱ ያሉት ሩቅ ነው፣ መንገዱም ተዘግቷል። ሁሉንም ነገረቻቸው፣ የዘለለችውን መስመር ጭምር። ከወዲያ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ተሰማ። እርግማናቸውን ጠበቀች።

«አንቺ ማን ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምራትዎ ነኝ።»

ለቅሷቸውን ገቱ።

«አጠገብሽ ሰው አለ፣ ልጄ?» አሉ እናቱ። «ብቻሽን እንዳትሆኚ።»