በፎቶው ላይ ጥላ ያልነበራት ሴት

ጎበዝ፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ጋዙ እስኪነጋ ሊያደርሰን ይገባል። ወንዙ እንደሆነ ዛሬ አይጎድልም፤ መኪናውም ከዚህ አይነቃነቅም። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ጨረቃ የለም። አንድ ሰው ብቻውን በመንገድ ይሄዳል። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ደግሞ እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ተሸፍኗል። ቤት የለም። ውሻ አይጮህም። ሰውየው ወታደር ነው፤ ጠመንጃ ግን አልያዘም። አውቆ ትቶት ነው የወጣው። ጠመንጃ የማይመልሰውን ነገር ነበር ሊገናኝ የሚሄደው።

ማን ነው ይሄ ሰው? በዚያ ሌሊት ለምን ብቻውን ወጣ?

ስሙ ሎታር ነው። ጀርመናዊ ነው። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። ካርታ ለመሥራት ወደ አገራችን መጥቶ፣ እኔ ሾፌሩ ሆኜ ሁለት ዓመት በረሃ ለበረሃ አብረን ዞረናል። እሱ ያለኝን ነው የምላችሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ ሎታር በቃኚ አውሮፕላን ጓድ ውስጥ ነበር። ቃኚ ምን ያደርጋል? ቦምብ አይጥልም። ከፍ ብሎ ይበራል፣ የጠላትን አገር ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። ጓዱ ጦርነቱን ሲጀምር አሥራ ሁለት አውሮፕላን ነበረው። በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ሦስት ቀረው። የቀሩትስ? አንዱ ተቃጠለ፣ አንዱ ደመና ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ፣ አንዱ ከነሰዎቹ በረዶ ውስጥ ተቀበረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ።

ሎታር ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር የሚበረው። አብራሪው ዲትማር ነው። ከኋላ ተቀምጦ መትረየስ የሚይዘው ኤጎን ነው። ካሜራው የሎታር ነው። ሲመለሱ ፊልሙ ይታጠባል፤ ሎታር በአጉሊ መነጽር ያየውና ይጽፋል። ይሄ ድልድይ ነው፣ ይሄ መድፍ ነው፣ ይሄ ወታደር ነው ይላል። እሱ የጻፈውን ይዘው ቦምብ ጣዮቹ ይነሳሉ።

«እኛ ፎቶ ነው የምናነሳው፤ ሰው አንገድልም» ይባባሉ ነበር ሦስቱ። እንዲያ ብለው ይተኛሉ። እንቅልፍም ይወስዳቸው ነበር።

ጓዱ የሰፈረው በወረሩት አገር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ነው። የመንደሯን ስም ነግሮኝ አያውቅም። ስጠይቀው ፊቱን ያዞር ነበር። ያደረው ማርፋ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ስድስት ወር ሲኖር ቋንቋቸውን ለመደና «እማማ ማርፋ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «አንተ ወታደር» ነው የሚሉት። ምን ይበሉት ታዲያ? አልጋቸውን የቀማ ሰው!

አንድ ቀን ጠዋት ሎታር ከሰሜን በኩል ያነሳውን ፎቶ ያያል። በነጩ በረዶ ላይ ጥቁር ሰልፍ አለ። ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ። አርባ ያህል ይሆናሉ። ከሁሉም ኋላ አንዱ ነጠብጣብ አንድ ነገር ይጎትታል። ሎታር ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ ዓይኑ ያቃጥለዋል። ሻምበሉ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል።

«ምንድን ናቸው?»

«ወታደሮች ይመስሉኛል።»

«ይመስሉኛል ብሎ ነገር የለም። ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«ናቸው» አለ ሎታር።

«ይሄ የሚጎተተውስ?»

«መትረየስ ነው።»

ጻፈው። ፈረመበት። ሄዶ ተኛ። ቦምብ ጣዮቹ በጣሪያው ላይ ሲያልፉ እንኳ አልሰማም።

ማታ ሲነቃ እማማ ማርፋ ሾርባ አቀረቡለት። እንደወትሮው ጥለውት አልሄዱም፤ ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«አንተ ወታደር፣ ከላይ ሆነህ ሁሉን ታያለህ አሉ። ልጄን አላየሃትም?»

«የትኛዋን ልጅዎን?»

«ኡስቲናን። ከወንዙ ማዶ ነው የተዳረችው። መንደራቸው ተቃጥሎ ሕዝቡ ሁሉ ወደዚህ እየተሰደደ ነው፤ እየመጣሁ ነው ብላ ሰው ልካብኛለች።»

«ከዚያ ላይ ሰው ከሰው አይለይም፣ እማማ።»

«እሷንስ ትለያታለህ። ልጇ ሊዳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ አይሄድላትም። በበረዶ ጋሪ እየጎተተች ነው የምታመጣት።»

የበረዶ ጋሪ ታውቃላችሁ? ጎማ የለውም። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም እንጨት አለው፤ በገመድ ይጎተታል፣ በበረዶው ላይ ይንሸራተታል።

ማንኪያው ከሎታር እጅ ወደቀ።

ካፖርቱን ሳይደርብ ሮጠ። ሻምበሉን ከእራቱ ላይ አገኘው። «ተሳስቻለሁ! ወታደሮች አይደሉም፣ ስደተኞች ናቸው! መትረየስ ያልኩት ሕፃን ናት!» አለው።

ሻምበሉ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ቦምቡ ወድቋል። ምን ላድርግልህ? ላንሳው?»

በማግሥቱ በረሩ። ሎታር ዲትማርን ለመነው፤ ዲትማር ዝቅ አለለት። ሰልፉ የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። በረዶው ጠቁሯል። የሚነቃነቅ ነገር የለም። «ባዶ ነው፣ ሎታር። መንገዱ ባዶ ነው» አለ ዲትማር። ሎታር ግን ካሜራውን ከፍቶት ነበር።

ፊልሙ ሲታጠብ ምን ታየ? ከጉድጓዶቹ ወዲህ፣ መንገዱ ላይ፣ አንድ ነጠብጣብ። ከኋላው የሚጎተት ነገር።

አለቀሰ ሎታር። ተርፋለች! ለእማማ ማርፋ ሊነግራቸው ሮጦ ደጃፋቸው ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። «ከምን ተረፈች?» ቢሉትስ? «ማን ላከባት?» ቢሉትስ? ገባ፣ ምንም ሳይል ተኛ። እሳቸው በሩን ሳይቀረቅሩ ምድጃው ዳር ቁጭ ብለው አደሩ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ በረሩ። በፎቶው ላይ ሴትዮዋ መንገዱ ዳር ያለውን ወፍጮ ቤት አልፋለች። ቀርባለች። ያን ቀን ፀሐይ ነበረች፤ የብርድ አገር ፀሐይ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል። ዛፉ ሁሉ ረጅም ጥላ ጥሏል። ወፍጮ ቤቱ ጥላ አለው። ጋሪው ጥላ አለው።

ሴትዮዋ ጥላ የላትም።

መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ጋሪው በበረዶው ላይ ሁለት መስመር አስምሮ መጥቷል። በሁለቱ መስመሮች መሃል የእግር ዱካ የለም። አንድም!

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዓይኔ ነው ትሉ ነበር አይደል? እሱም እንዲያ አለ። ኤጎንን ጠርቶ መነጽሩን ሰጠው። ኤጎን ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ጋሪው ይታየኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሴት ግን የለችም። ሎታር፣ ይሄን ጋሪ ማን ነው የሚጎትተው?»

በአራተኛው ቀን ጋሪው የወንዙ ድልድይ ጋ ደረሰ። ከድልድዩ እስከ መንደሯ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ሴትዮዋ ቀና ብላለች። ከዚያ ከፍታ የሰው ፊት አይታይም፤ ሰው ነጥብ ነው። ሎታር ግን ፊቷን አየ። ዓይኗን አየ። ካሜራውን አልነበረም የምታየው። እሱን ነበር።

ሻምበሉም ያንኑ ፎቶ አነሳ። «ይሄ ጋሪ ወደኛ እየመጣ ነው። ፈንጂ ጭኖ ይሆናል። ሲነጋ ድልድዩ አካባቢ ያለውን ሁሉ በመድፍ እንመታለን» አለ። ሎታር ለመነው። እግሩ ሥር ወደቀ። ሻምበሉ «ይሄን ሰው አስተኙት» ብሎ ወጣ።

ሎታር ጓደኞቹን «አብራችሁኝ ኑ፤ ሳይነጋ እናምጣት» አላቸው። ዲትማር «ሞተዋል፣ ሎታር። ሁሉም ሞተዋል፤ ተኛ» አለው። ኤጎን «ሲነጋ አብሬህ እሄዳለሁ» አለው።

«ሲነጋ መድፉ ይተኮሳል!»

ኤጎን መሬት መሬት አየ። እንዲህ ነው እንግዲህ ሎታር በዚያ ሌሊት ብቻውን የወጣው።

ሄደ፣ ሄደ። የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ።

ሲጥ… ሲጥ…

ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ሲጥ… ሲጥ… እንጨት በበረዶ ላይ ሲንሸራተት። ትንሽ ቆይቶ ገመድ ታየው። ገመዱ በአየር ላይ ተወጥሯል፤ የያዘው ግን የለም። ቀረበ። አሁን ገመዱን የያዘ እጅ ታየው። ቀረበ። ከእጁ በላይ የካፖርት እጅጌ። ከእጅጌው በላይ ትከሻ። ከትከሻው በላይ… ያ በፎቶው ላይ ያየው ፊት።

ተንበረከከ። «ኡስቲና፣ እኔ ነኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ገመዱን ዘረጋችለት። ሌላ ምንም አላደረገችም። ገመዱን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ገመዱ እንደ ብረት ደርቋል፤ በጓንቱ አልፎ እጁን አቃጠለው። ዞሮ መጎተት ጀመረ። ያኔ ከጋሪው ኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። ወደ ኋላ አላየም። እንዴት ብሎ ይይ? ድንገት ከጋሪው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ደረስን?»

የሙት ድምፅ አልነበረም፣ ጎበዝ። በብርድ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ያለው የሕፃን ድምፅ ነበር። ሎታር ሮጠ። እያለቀሰ፣ እየወደቀ፣ እየተነሳ ጎተተ።

እማማ ማርፋ ኮቴውን ሰምተው በሩን ከፈቱ። ሊዳ በእናቷ የሱፍ ሻርፕ ተጠቅልላ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ግን ትተነፍሳለች። አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

«እናቷስ?»

«ከኋላዬ ናት» አለ ሎታር።

እማማ ማርፋ ፋኖሱን ከፍ አድርገው መንገዱን ብዙ አዩት። «ከኋላህ ማንም የለም።»

ያኔ ሁሉንም ነገራቸው። ፎቶውን፣ ሰልፉን፣ መትረየስ ብሎ የጻፈውን፣ የፈረመውን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው አልጮኹም። አልረገሙትም። እሱ ቢረግሙት በወደደ ነበር።

«ውጣ» አሉት። «ልጅቷ ስትሞቅ ዓይኗን ትገልጣለች። መጀመሪያ የምታየው አንተን እንዳይሆን።»

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማው።

የጓደኞቹ ማደሪያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ወደዚያ መሄድ ጀመረ። አሥር እርምጃ እንደሄደ፣ ሲጥ…

ጋሪው እኮ ደጃፉ ላይ ቆሟል አለ በልቡ። ሲጥ… ሲጥ… አሁን ከአንድ ቦታ አይደለም የሚመጣው። ከግራ ነው። ከቀኝ ነው። ከየትም ነው። ዞረ።

መንገዱ ሞልቷል።

ከፊት ያሉት የዚያ የሰልፉ ሰዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ የግድግዳ ሰዓት ታቅፏል። አንዲት ሴት ባዶ እግሯን ናት። ከነሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች አሉ፤ ባለፈው ዓመት «የጦር ሰፈር ነው» ካለው መንደር የመጡ ናቸው። ከነሱም ኋላ ፎቶ አንስቶ ያስመታው የባቡር ጣቢያ ሰዎች። ከነሱም ኋላ ፎቶ ማንሳቱን እንኳ የረሳቸው፣ መጨረሻቸው የማይታይ። ሁሉም በእጃቸው ገመድ ይዘዋል። ሁሉም ገመዱን ወደ እሱ ዘርግተዋል። ሁሉም ቤት ነበራቸዋ! ሁሉም በሩን ሳይቀረቅር የሚጠብቃቸው ሰው ነበራቸዋ! እሱ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ብቻውን ነው።

ጠዋት፣ መድፉ ተተኩሶ ሲያበቃ፣ ኤጎን ከድልድዩ ማዶ አገኘው። በእንብርክኩ እየሄደ ይጎትታል። በእጁ ምንም የለም፤ መዳፉ ግን በገመድ ተልጦ አጥንቱ ይታያል። ሻምበሉ «አብዷል» ብሎ ወደ ሆስፒታል ላከው። በአሥረኛው ቀን ዲትማርና ኤጎን በረው አልተመለሱም። ጓዱ መንደሯን ለቆ ሲሸሽ የእማማ ማርፋ ቤት ባዶ ነበር አሉ፤ ሊዳን ይዘው ጫካ ገብተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሎታር ዓመት በዓመት ደብዳቤ ጻፈ። መልስ አልመጣለትም።

እኔ ሳውቀው ሽበታም ሰው ነበር። ሌሊት ለሽንት እንኳ ብቻውን አይወጣም፤ «ተነስ፣ ወንድሜ፣ አብረኸኝ ውጣ» ብሎ ይቀሰቅሰኝ ነበር። አንድ ሌሊት ደክሞኝ «ዛሬ እንኳ ብቻህን ውጣ» አልኩት። ወጣ። ቆየ። ብዙ ቆየ። ጆሮዬን ወደ ድንኳኑ በር አዘነበልኩ። ውጭ ሆኖ በለሆሳስ ያወራል።

«እሺ… እሺ… አሁን የማንኛችሁ ተራ ነው?»

ባትሪ ይዤ ዘልዬ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ጎብጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይጎትታል። ላቡ ይንጠባጠባል። ከኋላው ምንም የለም። ግን እግሩ፣ ጎበዝ፣ እግሩ በየእርምጃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሸዋው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ከባድ ነገር እንደሚጎትት ሰው።

ሮጬ እጁን ያዝኩት። ያኔ ነው ሸክሙ የለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ ብቻውን እንዲወጣ አልፈቀድኩለትም። እናንተም እንዲሁ። ዛሬ ሌሊት የሚወጣ ካለ ይቀስቅሰኝ፤ ለእንቅልፌ አትዘኑ። ብቻችሁን አትውጡ። በጨለማ ውስጥም ገመድ የሚዘረጋላችሁ ካለ፣ መጀመሪያ አጠገባችሁ ሰው መኖሩን አረጋግጡ።