ቡናማው ስፖንጅ

«ማነው ያጠበው?»

አባቷ ድምፁን አላነሳም። የሚንከባከበው የትምህርት ቤቱ ኩሬ ዳር ተንበርክኮ የማጣሪያውን ሣጥን ከፍቷል። በእጁ የያዘው ስፖንጅ፣ ያ ሁልጊዜ ቡናማ ልጋግ ለብሶ የሚኖረው፣ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስል ቢጫው ቦግ ብሏል። ከኋላው ሣሩ ላይ ኮይ ከሚባሉት የጌጥ ዓሦች ሁለቱ ሞተው በጎናቸው ተጋድመዋል። የቀሩት አሥራ አንዱ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። ትልቁ፣ አባቷ «ሻምበል» የሚለው ብርቱካንማው፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ቧንቧ ሥር ተለጥፎ ቀርቷል።

«ራስህ ታጥባለህ፣ ራስህ ትጠይቃለህ?» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። በዕድሜ የአባቷ ታናሽ ነው፤ ግን «አንተ» ለማለት ምላሱ አደናቅፎት አያውቅም። «ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ዛሬ ሬሳ ታሳየኛለህ!»

«እኔ እንዲህ አድርጌ አላጥብም፣ ጌታዬ። ቲቸር ያውቃሉ።»

የባዮሎጂ መምህሩ ሰዓቱን አየ። «ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው። ለሣሩ ከምትረጨው መድኃኒት ገብቶበት እንዳይሆን።»

«ኩልል ቢል ምን ይፈይድላቸዋል? ዓሣ የሚሸናውን የሚበላለት ካጣ ውሃው መርዝ ነው። በዚያች የውሃ መመርመሪያ ይለኩትና አሞኒያውን ይዩት።»

«መመርመሪያው ለነገ ኤግዚቢሽን ነው። ዛሬ ጨርሰነው ነገ ባዶ ካርቶን እናሳይ?»

የሳይንስ ክበብ ልጆች ሳቁ። የተማረ ሰው ሲያላግጥ አብሮ የሚስቅ መቼም አይጠፋም። ልጅቷም እዚያው መሃላቸው ቆማለች፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ የክበብ ባጅ ለጥፋ፣ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ። ከሐሙስ ወዲህ አራት ቀን ሆኖታል፤ ጣቶቿ ግን አሁንም በረኪና በረኪና ይሸቷታል።

«እኛ ምንም አልነካንም» አለች የክበቡ ፕሬዚዳንት። ጥርት ያለ፣ የመድረክ ድምፅ አላት። «ሐሙስ ዕለት እሱ ሲያጥብ አይተነዋል። አይደል እንዴ፣ እንቁራሪት?»

እንቁራሪት የልጅቷ ቅጽል ስም ነው። አባቷ ኩሬ ውስጥ ስለሚውል ያወጡላት ነው። የፕሬዚዳንቷ ክርን ጎኗን ወጋት። ሁሉም ዞረው አዩዋት። አባቷም አየ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አባቷ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ሐሙስ ከሰዓት ክሊኒክ የመንጋጋ ጥርሱን ሲያስነቅል ነበር። ግን ሳያስፈቅድ ነው የሄደው፤ ባለፈው ሲያስፈቅድ «ጥርስህ እስከ ቅዳሜ ይቆይህ» ተብሎ ስለነበር።

«ቁልፉን አስቀምጥና ሂድ» አለ ምክትሉ። «እስክንጠራህ እንዳትመጣ።»

አባቷ የማጣሪያውን ቁልፍ ድንጋዩ ላይ አኖረ። እጁን በሱሪው ጠረገና ሄደ።

*

ሐሙስ ዕለት የሆነው እንዲህ ነው። የክበቡ ልጆች ለእንግዶቹ ኩሬውን ሊያስተካክሉ ወጡ። ፕሬዚዳንቷ የሣጥኑን ክዳን አነሳችና አፍንጫዋን ያዘች።

«ኡፍ! አባትሽ ይሄን ነው የሚያፀዳው? ለዚህ ነው የሚከፈለው?»

«ሼም ነው አቦ» አለ አንዱ ልጅ። «እንቁራሪት፣ እራታችሁን ከዚህ ነው እንዴ የምትጨልፉት?»

ልጅቷ ታውቅ ነበር። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አይታለች። ልጋጉን «ሠራተኞቼ» ይለዋል። ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ደሞዝ አይጠይቁ፣ ስብሰባ አይወጡ። ስፖንጁን በወር አንዴ፣ ከዚያው ከኩሬው በተቀዳ ውሃ፣ ለስለስ አድርጎ ያለቀልቀዋል። «የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ይገድላቸዋል» ይላል። አንድ ቀን ይህንኑ ለተማሪዎች ሲያስረዳ የባዮሎጂ መምህሩ «ባክቴሪያ ነው የሚባለው፣ አባባ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞልቶታል። ልጅቷ የዚያን ቀን ጠረጴዛ ሥር መግባት ነበር ያማራት።

እና ሐሙስ ዕለት፣ ማንም ሳያዛት፣ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰካች። በረኪናውንም ያፈሰሰችው እሷ ናት። ሽታው እስኪጠፋ አጠበች፣ ጨመቀች፣ አሁንም አጠበች። ቢጫው ብቅ ሲል አጨበጨቡላት። በዚያ ክበብ ውስጥ ሲያጨበጭቡላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛሬ አባቷ ከሄደ በኋላ ፕሬዚዳንቷ ሽንት ቤቱ በር ላይ ያዘቻት።

«አንቺ ዝም፣ እኔ ዝም። ነገ ኩሬውን ለእንግዶቹ የምታብራሪው አንቺ ነሽ፤ አስጽፌሻለሁ። ካወራሽ ግን ውርድ ከራሴ፣ ማን እንዳጠበው ሁላችንም አይተናል።»

*

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ ግቢው ውስጥ፣ ሰማያዊው በርሜል አጠገብ ተቀምጧል። በርሜሉ ውስጥ ባለፈው ዓመት የተፈለፈሉ፣ ትምህርት ቤቱ «አንፈልግም» ያላቸው ሦስት ትናንሽ ኮዮች አሉ። ሁለት ስፖንጆችም አሉ፣ ቡናማ፣ ወፍራም ልጋግ የጠጡ።

«ከዚህ ስፖንጅ አንዱን ብትወስድላቸው እኮ ይተርፋሉ» ትላለች እናቷ ከበሩ።

«ይሙቱ!»

«አሁን ዓሦቹ ምን አደረጉህ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።»

«ዲፕሎማቸው ያድናቸዋ! ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን አውርደው ኩሬው ውስጥ ይንከሩት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹ያ ሰውዬ›፣ ‹ያ የኩሬው›! ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ? ሻምበልን እንኳን እኔ ባልሰይመው ‹ያ ብርቱካንማው› ብለውት ይቀሩ ነበር።»

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች።

«አባዬ።»

አላያትም። «ሐሙስ ሳጥብ አየሽኝ? ክሊኒክ ድረስ መጥተሽ ነው ያየሽኝ?»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ ዓይኑን ከበርሜሉ ሳይነቅል ጠየቃት።

«በምን?»

«በቧንቧ። በረኪናም ነበረው።»

«እንደሚገድላቸው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሳቁብኝ።»

«በእኔ ነው የሳቁት።»

«አዎ።»

«እኔ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሲስቁ» አለ አባቷ፣ «አንድም ቀን ስፖንጅ በበረኪና አጥቤ አላውቅም።»

ቢመታት ይሻላት ነበር። ተነሳና ጀርባውን ሰጣት። «እዚያ ግቢ እግሬ አይደርስም። ከፈለጉ በጓሮ በር መጥተው ይለምኑኝ። ባይፈልጉም እሰየው።»

እናቷ በዓይኗ «ግቢ፣ ምሳሽን ብይ» አለቻት። ልጅቷ አልገባችም። የሻምበል አፍ ነው የሚታያት፣ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ። ባልዲውን ከጥግ አነሳች፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀዳችበት። እጅጌዋን ጠቀለለችና ክንዷን በርሜሉ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ከተተች። አንዱ ስፖንጅ ሲወጣ ከባድ ነበር፤ ልጋጉ በጣቶቿ መሃል ተንሸራተተ፣ የዩኒፎርሟን ሸሚዝ አጨቀየው። ባልዲው ውስጥ አስገባችው። አባቷ ጀርባውን እንደሰጣት ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ድምፁ ተሰማ፤ አሁንም የቁጣ ነው።

«እንዳትጨምቂው። የሚበሉት አትስጧቸው፣ ለሳምንት። የሚጨመረው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ያደረ ይሁን በያቸው። ያደረ!»

«እሺ።»

«አባቴ ላከኝ እንዳትይ።»

*

መንገዱ በባልዲ ረጅም ነው። በየአምሳ እርምጃው እጅ ቀየረች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አፍንጫውን ሸበሸበ።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው የሚገማው?»

«የኩሬው ነው፣ ጋሼ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ? እንዳይገባ ተብሏል፣ ታውቂያለሽ።»

ከአጥሩ ወዲያ የክበቡ ልጆች ኩሬውን ከበው ለነገ የሚለጠፈውን ወረቀት ይቆርጣሉ። ፕሬዚዳንቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ባልዲውን አየች። ቀስ አድርጋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሻምበል አሁንም ከቧንቧው ሥር ነው።

«አባቴ አልላከኝም» አለች ልጅቷ። የባጇን መርፌ ከፍታ ባጁን ኪሷ ከተተች፤ ልጋጋም ጣቶቿ መርፌውን ሁለት ጊዜ ሳቱት። «ጋሼ፣ ምክትሉን ይጥሩልኝ። ስለ ስፖንጁ ነው ይበሉት።»

«ማን ልበል? የማን ልጅ?»

«ያጠበችው ናት ይበሉት።»

ዘበኛው ወደ ቢሮው ሄደ። እሷ ባልዲውን መሬት ላይ አላስቀመጠችም፤ ውሃው እንዳይናጥ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።