ፍራሽ ቤት የተቀዳው አልበም

ስለ ልጄ ልጅና ስለዚያ ጊታር መቺ ከተማው የመሰለውን ያወራል። ቦታው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ስሙ።

ፍራሽ እንሠራለን። ጥጡን እኔ አባዝታለሁ፣ የልጄ ልጅ ትሰፋለች። ከሱቁ ጀርባ ያለቀለትን ፍራሽ የምንከምርበት ክፍል አለ። አንድ ቀን አራት ወጣቶች መጥተው ክፍሉን አከራዪን አሉኝ። ፍራሹን ላወጣ ስነሳ፣ «ኧረ እማማ፣ ፍራሹማ ይቆይልን!» ብለው ጮኹ።

ለካ ፍራሽ ድምፅ ይውጣል። የመጀመሪያ አልበማቸውን እዚያው ሊቀዱ ነው። አሳታሚ የላቸው፣ አለቃ የላቸው። የጥንት የገጠር ዜማ ይይዙና በኤሌክትሪክ ጊታር ያሯሩጡታል። «ፎክ ሮክ ነው» አሉኝ። ስሙ ምንም ይሁን፣ ዜማውን እኔም በልጅነቴ ዘፍኜዋለሁ፤ እንዲህ አያስቸኩልም ነበር።

ጊታር እየመታ የሚዘፍነውን ቀጭኑ እለዋለሁ። ማይክራፎን ፊት ሲቆም ጉሮሮው እንደ ቧንቧ ይከፈታል፤ የልጄ ልጅ ፊት ሲቆም ይዘጋል። «እንደምን አደርሽ» ሊላት ሲያስብ እሷ ምሳዋን በልታ ትጨርሳለች።

እሷም ብትሆን! መርፌዋን በጥርሷ ይዛ ቀና ትላለች፣ ታየዋለች፣ ታቀረቅራለች። አንዱን ፍራሽ ሁለት ጊዜ ስትሰፋ ይዣታለሁ።

«ልጁን ወደድሽው እንዴ?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! እሱ እንኳን ለእኔ፣ ለራሱም አያወራም።»

አልበሙ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭጭ። አንዲት ሴት ብቻ «በጣም ጥሩ ነው» ብላ ጻፈችላቸው፤ የከበሮ መቺው አክስት ሆና ተገኘች።

ከዚያ አንድ ረፋድ ሬዲዮ ከፍተን ስንሠራ፣ ጋዜጠኛው የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን ለቀቀ። ዘፈኑ አለቀ። ትንሽ ጸጥ አለ። ድንገት የቀጭኑ ድምፅ መጣ፦

«ከበሮህን ተወውና ስማኝ። ዘጠኙንም ዘፈን ለእሷ ነው የጻፍኩት። ለፍራሽ ሰፊዋ። መርፌዋን በጥርሷ ስትይዝ ልቤን የወጋችኝ ይመስለኛል።»

«ንገራታ!» አለ ከበሮ መቺው።

«አሮጊቷ ብትሰማ ከነነፍሴ ፍራሽ ውስጥ ትሰፋኛለች።»

ለካ መቅጃው አልጠፋም ነበር። አራቱም ሥራቸውን ሲያዳምጡ ዘፈኑ እንዳለቀ እያቆሙት፣ ጭራውን አንድም ቀን አልሰሙትም። አሮጊት ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። ፍራሽ ውስጥ ያለው ግን የማይሆን ነገር ነው፤ በእሱ አጥንት ማን ይተኛል?

ደስ ይላታል ብዬ ዞር ስል የልጄ ልጅ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«ለአገር ሁሉ ነግሮ ለእኔ ሳይነግር!»

ከዚያ በኋላ ሰዉ አበደ። አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጣቢያ ደውለው «ዘፈኑ ጫጫታ ነው፤ መጨረሻው ግን ጥሩ ነው» አሉ። አንዲት ሹፌር «አገኛት ወይስ አላገኛትም? መኪና እየነዳሁ ነው፣ አታስጨንቁኝ!» አለች። ለጭራው ብለው የከፈቱት ዘፈኖቹንም ወደዷቸው። የተቀዳበት ቤት አልበሙ ላይ ተጽፏልና ሱቃችን በሰው ተሞላ። ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷን አይተው ይጠግባሉ፣ ምንም ሳይገዙ ይሄዳሉ።

ቀጭኑ በሃፍረት ሳምንት ጠፋ። በስምንተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«ንግግሩን እናስቆርጠዋለን» አላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ውሸት ነበር?»

«አይ! አይደለም!»

«ታዲያ ለምን ይቆረጣል?»

በትከሻው ያነገተውን ጊታር አወረደና መልሶ አነገተው።

«ለከበሮ መቺህ ነግረሃል፣ ለጋዜጠኛው ነግረሃል፣ ለሹፌሯም ነግረሃል። የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን ካልነገርከኝ ጊታርህን ይዘህ ውጣ፤ ዳግመኛም እንዳትመጣ።»

 ካለች ታደርገዋለች፤ በእኔ ነው የወጣችው። ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እኔ…» አለ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ዓይን መሃል እስኪመሽ ቢቆምም አይናገርም።

«ተነሱ!» አልኩ። «የሚገዛም የማይገዛም፣ ሁላችሁም ውጡ!»

«እማማ፣ አሁን እኮ ሊናገር ነው» አለች አንዷ።

«አልበሙን ስሚ!» ብዬ በመጥረጊያ አስወጣኋቸው። በሩን ከውጭ ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሥራ ቀን ሱቅ ስዘጋ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

በመስኮቱ ሳይ ቀጭኑ ያወራል። እጁን እያወናጨፈ ያወራል። እሷ መጀመሪያ ክንዷን አጣምራ ነበር፤ ኋላ ፈታችው። ኋላማ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልናገርም፤ ፊቴን አዞርኩ።

አልጋ የሚሠራው ጎረቤታችን አናጺ ፍራሽ ሊወስድ መጣ።

«እማማ፣ ተዘግቷል እንዴ?»

«ተዘግቷል።»

«መቼ ይከፈታል?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጁ የዓመት ወሬ አጠራቅሞ ገና መጀመሩ ነው።»